የሶልቬይ ሩብ ሰዓት

ሶልቬይ ብራትቤሪ የስዊድኗን ከተማ ጎተንበርግን ለእንግዳ ማስተዋወቅ ሥራዋ ከሆነ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከወንዙ ማዶ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሷንና የቀረፋ ዳቦ የሞላውን ትሪዋን ነው። ስለ ከተማዋ ስታወራ ማቆለጳጰስ አታውቅም። እዚህ ዝናቡ ከጎን ስለሚመጣ ጃንጥላችሁን ጣሉት ትላቸዋለች።

በመስከረም ዩአኪም ሊንድሄ የሚባል ባለ ነጭ ጫማ አፈ ቅቤ ከስቶክሆልም መጥቶ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆነ። ሥራ ጀመርኩ ብሎ የሦስት ደቂቃ ፊልም አሠራ። በፊልሙ ዝናብ የሚባል የለም፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ይስቃሉ፣ በምን እንደሚስቁ እግዜር ይወቀው። የድሮው የመርከብ መሥሪያ ክሬን እንደ ጌጥ ብቅ ይልና "የነገ በር" የሚል ጽሑፍ ይከተላል። እዚያ ማን ላቡን እንዳፈሰሰ አንዲት ቃል የለችም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

"ሶልቬይ፣ ከእንግዲህ ፊልሙ ይናገራል" አላት። "አንቺ ዳቦውን ብቻ አቅርቢ።"

ሴትዮዋን ያንገበገባት ዳቦው አይደለም። አባቷ ቱሬ በመርከብ መሥሪያው ሃያ ስድስት ዓመት በያጅ ነበር። ተዘግቶ ዩኒቨርሲቲው ሲገባበት የቱሬን ስም የሚያነሳ ከእሷ በቀር አልተገኘም። እሷም ዝም ካለች ሰውየው ዳግመኛ መቀበሩ ነው።

ዩአኪም ለአዲስ እንግዶች አቀባበል በሚላከው ጥሪ ላይ "ከጠዋቱ አራት ሰዓት" ብሎ ጻፈ። በዩኒቨርሲቲው ደንብ አራት ሰዓት ማለት አራት ከሩብ ነው፤ ትምህርቱም ስብሰባውም ሩብ ሰዓት አሳልፎ ይጀመራል። ሶልቬይ እንግዶቹ በሰዓቱ ነው የሚመጡት፣ ግልጽ አድርገህ ጻፈው ብትለው ሳቀባት።

"ይሄን የማያውቅ አለ እንዴ?"

አሥራ አንድ ነበሩ። ልክ በአራት ሰዓት አሥራ አንድ የሩቅ አገር መምህራን ውሃ እያንጠባጠቡ ገቡ። ዩአኪም የለም፤ ፊልሙም ያለው እሱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሶልቬይ ትሪውን አስቀመጠችና ክሬኑ ወደሚታይበት መስኮት ወሰደቻቸው። በመዶሻ ጩኸት ስለደነቆረው ስለ አባቷ ጆሮ፣ በሩ በተዘጋ ማግስት ምሳውን ቋጥሮ መጥቶ ደጅ ስለመቆሙ ነገረቻቸው። ድምፅዋ ሁለቴ ተቆረጠ፤ አላፈረችም።

በአራት ከሩብ ዩአኪም እየተፍለቀለቀ ገባና ፊልሙን ከፈተ። ክሬኑ ብቅ ሲል አንዲት ሽበታም መምህርት እጇን አነሳችና ቱሬ ይበይድ የነበረው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀችው። ዩአኪም ግራ ገብቶት ወደ ሶልቬይ ዞረ።

"ቱሬ ማን ነው?"

"አባቴ።"

"ቦታውስ የት ነው?"

"የቆምክበት ነው" አለችው። "ወሩን ሙሉ በነጭ ጫማህ የምትረግጠው።"

አሥራ አንዱም አጎንብሰው ወለሉን አዩ። ፊልሙ ብቻውን መሳቁን ቀጠለ።

ለሚቀጥሉት እንግዶች የተላከው ጥሪ "ልክ አራት ሰዓት፣ ከሶልቬይ ብራትቤሪ ጋር" ይል ነበር። እነሱ በመጡ ቀን ዳቦውን ያዞረው ዩአኪም ነው።