በሩ ሥር የነበረው በርሜል

የሩዝ መጋዘን ነው ያስገቡኝ። እዚያው ወረታ፣ ከቤቴ በእግር የሚደረስ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው። ዐይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች፣ ጥግ ላይ በጆንያ የተከመረ የሩዝ ገለባ፣ በሩ ሥር ደግሞ ክዳን የሌለው በርሜል አየሁ። ሽንት ቤቱ እሱ ነበር።

ይዞኝ የመጣው መርማሪ ከኋላዬ ቆሞ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ «ተጠንቀቁት፣ ቦምብ ሠሪ ነው!» አለና በሩን ዘጋው።

ቦምብ! እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ያን ሰሞን መምህሩም ነጋዴውም ይታፈስ ነበር፤ ቤቴን ሲፈትሹ ውጭ አገር የሠራሁትን የማስተርስ ጥናት አገኙ። ሽፋኑ ላይ ያ ሦስት ክንፍ ያለው ቢጫ የጨረር ምልክት አለ። መርማሪው አንዲት ገጽ እንኳ አልገለጠም። ምልክቱን በጣቱ እየመታ «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጅ እንደገና ሲጣራ የሚወጣውን ቆሻሻ ስለ መቀነስ ነው» አልኩት።

«ኒውክሌር» የምትለዋን ብቻ ይዞ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ንግግሩ አንድ ሆነ፤ ካሜራ ፊት ቁም፣ «የርብን ወንዝ ውኃ ልመርዝ ነበር» በል፣ ወደ ቤትህ ሂድ። ባለቤቴ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ይህንንም ያውቃል። እያወቀ ነው እንግዲህ!

መጋዘኑ ውስጥ ማንም ቦታ አልሰጠኝም። ቦምብ ሠሪ አጠገብ ማን ይቀመጣል? በርሜሉ አጠገብ ብቻቸውን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን እጃቸውን አወዛወዙልኝ። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል።

«ና፣ እዚህ ቁጭ በል» አሉኝ። «ቦምብህ ከዚህ በርሜል አይከፋም።»

በርሜሉ የሚደፋው ጠዋት ብቻ ነው። ሰው ሽታው እያሳፈረው፣ በተጠቀመ ቁጥር ከመጠጥ ውኃችን ላይ እየቀዳ ያጥበዋል፤ እጣቢው እዚያው በርሜል ውስጥ ይቀራል። ገና ከሰዓት ሳይሆን ሞልቶ ይፈሳል፣ የሚፈሰውም ወደ ሐጂ ነው። ልብሳቸውን ሰብስበው ይነሡና «አሁን እኔ በምን ንጽሕና ልስገድ?» ይላሉ።

«ውኃ አትጨምሩበት» አልኩ በማግስቱ።

«ጭራሽ ይግማ ነው የምትለው?» ብሎ አንዱ ጮኸብኝ።

«ቆሻሻው ትንሽ ነው፤ ያበዛው ማጠቢያው ነው። መጨመር ግድ ከሆነ ኋላ የሚቃጠል ነገር እንጨምር።» ጆንያውን ፈታሁና ገለባ በእፍኝ እያፈስኩ በተንሁበት። ሽታው ወዲያው ረገብ አለ። ጠዋት የተደፋውን ውጭ ፀሐይ ላይ አስጥተን ሲደርቅ እሳት ለቀቅንበት፤ የቀረው ጥቂት አመድ ነው።

ያን ቀን እስረኞቹ ስለ ጥናቴ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ያገለገለውን ነዳጅ በአሲድ አሟሙተው የሚጠቅመውን ይለያሉ። መለያው ፈሳሽ ደግሞ በየጊዜው ይታጠባል። ማጠቢያው ጨው ያለበት ከሆነ፣ ጨዉ ራሱ ጨረር ይዞ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል፤ ማስቀመጫ ይፈልጋል። እኔ ያጠናሁት ሲሞቅ ተበትኖ አየርና ውኃ የሚሆን ማጠቢያ ነው።

ሐጂ በጥሞና ሰሙኝና «ታዲያ ቦምቡ የታለ?» አሉ። መጋዘኑ በሣቅ ፈረሰ። ከገባሁ ወዲህ ሣቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ወለሉ ደርቆ ስለ ነበር ሐጂ ያኔውኑ ተነሥተው ሰገዱ።

ከዚያ ካሜራው መጣ። መርማሪው እስረኞቹን ከኋላዬ አሰልፎ «በል፣ ያጠናኸውን ተናገር» አለኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ብናገራት ማታ ባለቤቴ አጠገብ ነኝ። ማሪኝ አልኩ በሆዴ። የኮቴን ቁልፍ ቆለፍኩ።

«ያጠናሁት ቆሻሻ መቀነስ ነው» አልኩ። «የማንንም ውኃ ልመርዝ አላሰብኩም። ጥናቴን ማየት የፈለገ ያ በርሜል ውስጥ ይመልከት።»

ካሜራ የያዘው ልጅ ደንግጦ ካሜራውን ወደ በርሜሉ አዞረ። «አጥፋው! አጥፋው አልኩህ!» አለ መርማሪው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ቆሻሻ ትወዳለህ አይደል? ከዛሬ ጀምሮ በርሜሉን የምትደፋው አንተ ብቻ ነህ!»

በማግስቱ ጠዋት በርሜሉን ላነሣ ጎንበስ ስል በወዲያ በኩል የተጨማደደ እጅ ያዘው። «ኧረ ይተዉ ሐጂ፣ እርስዎ አይነኩትም» አልኩ። «ዝም ብለህ አንሣ!» አሉኝ። አነሣን። ከዚያ በኋላም አብረን እየደፋን ከረምን።

ልጄ ስትወለድ እዚያው መጋዘን ነበርኩ። መወለዷን የሰማሁት ስንቅ ከምታመላልስልኝ ጎረቤት ነው። በመጨረሻ «በስህተት ነው፣ ሂድ» ብለው ለቀቁኝ። በስህተት! ጥናቴን መልሱልኝ ስል «ምን ያደርግልሃል፣ ተጥሏል» አሉኝ።

ዛሬም አስተምራለሁ። ሐጂ ሱቃቸውን ከፍተዋል፤ ለልጄ የመጀመሪያ ቀሚሷን የሰጡ እሳቸው ናቸው። መርማሪውን አልፎ አልፎ ባጃጅ ውስጥ አየዋለሁ፤ እሱ ፊቱን ያዞራል፣ እኔ አላዞርም። አልረሳሁም፣ ይቅርም አላልኩም። ልጄ አሁን አፍ ፈታለች። አንድ ቀን «ስወለድ የት ነበርክ?» ትለኛለች፤ በርሜል ስደፋ ነበር እላታለሁ።