የዘይነብ ውክልና

ሰው የስደቱን ነገር ሲያወራ በሌሊት ወጣሁ ይላል። እኔ ከይጁቤ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ደላላው ነው እንደዚያ ያለኝ፤ በገበያ ቀን ማን ማንን ያያል አለ። እውነቱን ነበር። የጎረቤታችን ሚስት ዘንቢሌን አይታ ድንች ዛሬ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም ተወዷል ብዬ አለፍኳት። ያ የመጨረሻ ጨዋታችን ሆነ።

አባቴ ግን ያውቁ ነበር። አባቴ የድጓ መምህር ናቸው፤ ይጁቤ ላይ ትንሹም ትልቁም የኔታ ይላቸዋል። በራቸው ላይ ቆመው መረቁኝ፤ ረጅም ምርቃት ነበር፣ ግማሹ በግዕዝ ስለሆነ እኔ አሜን ከማለት በቀር የገባኝ ጥቂት ነው። ልጄ ማኅሌት አሥር ዓመቷ ነበር። አባቷ ገና በእቅፌ ሳለች ስለሞተ ያላት እኔና አያቷ ነን። ደብረ ማርቆስ ደርሼ እመጣለሁ አልኳት። ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ አምጪልኝ አለችኝ። እሺ አልኳት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የወጣሁት ለእሷ ትምህርት ነው። እዚህ ላይ አትሳሳቱብኝ፤ ተርቤ አልወጣሁም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከየወረዳው ጎበዝ ጎበዙን ፈትኖ ዘጠነኛ ክፍል የሚያስገባ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ማኅሌት ከሦስተኛ ክፍል ጀምራ እዚያ ነው የምገባ ትል ነበር። እኔ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ልጄ ይህን ስትል ደረቴ ይሞላል። ደብተርና መብራት ያለበት ቤት እንዲኖራት ብዬ ነው የሄድኩት።

አዲስ አበባ ደላላው ቤት ስንደርስ አሥራ አንድ ሴቶች በአንድ ክፍል ነበርን። አንድ ቀን ፓስፖርቶቹን ይዞ ገባና «ዘይነብ መሐመድ ማናት?» አለ። ማንም አልተነሣም። አንድ ጊዜ ደገመው። ከዚያ ፎቶውን አየና ፓስፖርቱን ጭኔ ላይ ወረወረልኝ። ክርስቲያን አይቀበሉም አለኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እሱ ሃያ አንድ አደረገኝ፤ ማዳሞቹ ወጣት ይወዳሉ አለ። ማተቤን ፈትቼ በመሐረብ ቋጠርኩት። አልቅሻለሁ ብል ውሸት ነው፤ ስምንት ዓመት ስለቀነሰልኝ እንኳ ሳቅ አምልጦኝ ነበር። ኋላ ጅዳ ላይ በገዛ ስማቸው የመጡ፣ ማተባቸውን ያሰሩ የጎንደርና የመቂ ልጆች ሳገኝ ነው ሳቄ የጠፋው።

ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ?

ጅዳ ላይ ከአውሮፕላን ስወርድ የፈላ ድስት ፊቴ ላይ የተከፈተ መሰለኝ። እኛ አገር በሐምሌ ጋቢ ደርበን የምናማርረውን ብርድ ስንቴ ተመኘሁት። ሩዙ አያጠግብም፤ ኩብዝ የሚሉት ቂጣቸው ትኩሱ ደህና ነው፣ ሲያድር ግን ቆዳ ነው። ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ልዋሽባት አልፈልግም። ብቻ ዘይነብ ብላ ስትጠራኝ ቶሎ አልዞርም፤ ለጎረቤቶቿ ጆሮዋ ትንሽ ይደክማል ብላ ነግራልኝ ኖሯል። ዓመት ሙሉ ደንቆሮ ሆኜ ኖርኩ።

ከላይኛው ፎቅ ሰዓዳ የምትባል የከሚሴ ልጅ ትሠራ ነበር። እውነተኛ ሙስሊም ናት፤ ምሥጢሬን ለእሷ ብቻ ነገርኩ። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ በገዛ ስሜ ጠራችኝ። «ደጊቱ፣ ስግደት እንደ እቃ አጠባ አይሠራም» አለችኝ። «ከልብሽ ካልሆነ ተይው። ከጠየቁኝ ወገቧን ያማታል እላለሁ።» እንዳለችውም ወገብ ሕመምተኛ ሆንኩ። ያላመለጥኩት ጾሙን ነው። ረመዳንን ከቤተሰቡ ጋር እጾማለሁ፤ ሁዳዴን ለብቻዬ ተደብቄ እጾማለሁ፤ ሥጋውን ከሩዙ እየለየሁ ለድመት እሰጣለሁ። በዓመት ውስጥ የበላሁባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው። ድመቷ ግን ወፈረች።

እንዲህ አራት ዓመት አለፈ። እሑድ እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እደውላለሁ። ማኅሌት የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ከወረዳው ሁለተኛ ሆና አለፈች። አባቴ ለመግቢያ ፈተናው ደብረ ማርቆስ ይዘዋት ሄዱ፤ ያንንም አለፈች። በስልክ ጮኸችብኝ፤ እኔም ወጥ ቤት ውስጥ አፌን በፎጣ ይዤ ጮኽኩ። በሳምንቱ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ስሟ ላይ መስመር ተሰምሮበት፣ ከጎኑ «የወላጅ ሰነድ ያልተሟላ» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማመልከቻው ላይ የፈረሙት አባቴ ናቸው። ትምህርት ቤቱ እናት በሕይወት ካለች እናት ወይም የእናት ወኪል ካልፈረመ አዳሪ አንቀበልም አለ። በፍርድ ቤት ሞግዚት መሆን ወራት ይፈጃል፤ ቅሬታ የሚቀርበው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ነው። አባቴ ቅሬታውን በገዛ እጃቸው ጻፉት። ጉዳዩ የሚጀምረው ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነበር አሉ፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ምስጋና ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጽሕፈቱን አድንቀው፣ የኔታ፣ ይህ አቤቱታ ነው ወይስ ድርሳን ብለው፣ ያም ሆነ ይህ የእናቲቱ ውክልና ይምጣ አሉ።

ማዳሟ ግማሽ ቀን ፈቀደችልኝ። ቆንስላው መስኮት ላይ የተቀመጠው ልጅ ቀና ሳይል ስም አለኝ።

«ደጊቱ ልሳነወርቅ።»

ፓስፖርቱን ገለጠ። «እዚህ ላይ ዘይነብ ነው የሚለው።»

«እሷም እኔው ነኝ።»

«ሁለት ሰው ሆናችሁ አንድ ወረፋ ነው የያዛችሁት?»

ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ግማሾቹ እንደኔው ናቸው፣ ለዚያ ነው የሳቁ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ፓስፖርቱ በሚለው ስም ካልሆነ ውክልና መጻፍ እንደማይችል አስረዳኝ። ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው አለኝ፣ አሥራ አራት አልኩ። አንቺ ሃያ አምስት አለኝ። ብዕሩን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ይህን ወረቀት የሚያነብ ሰው መደመርና መቀነስ አይችልም ብለሽ ነው?»

ያን ጊዜ መተው ነበረብኝ። ወይም ለአባቴ ደውዬ እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ እሳቸው ሽማግሌም የንስሐ አባትም ይዘው ሌላ መንገድ ይፈልጉ ነበር። እኔ ግን የቅሬታው ጊዜ አምስት ቀን ብቻ ስለቀረው ጻፍልኝ አልኩት፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ማን ይመረምረዋል ብዬ። ወደ አገር የምትገባ ሴት አገኘሁና የፓስፖርቴ ኮፒ ተያይዞ፣ ታሽጎ ሰጠኋት። አዲስ አበባ ላይ የሚያስፈልገውን ማኅተም አስረግጣ ለአባቴ አደረሰችላቸው። ለእሳቸው ያልኳቸው አንድ ነገር ነው፤ ፖስታውን ሳይከፍቱ ለትምህርት ቤቱ ይስጡልኝ። አባቴም አልከፈቱትም። እንዲህ ያለ ሰው ናቸው፤ አትክፈቱ ከተባለ ከፀሐይ ጋር አስተያይተው እንኳ አያዩም።

ቅሬታ ሰሚዎቹ ፊት የሆነውን የነገረችኝ ማኅሌት ናት። አያቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሰብሳቢው ፖስታውን ቀዶ አነበበ፣ ለጎኑ ሰው አሳየ፣ ከዚያ ዘይነብ መሐመድ ማን ናት ብሎ ጠየቀ። አባቴ ዘይነብ የምትባል እንደማያውቁ፣ የእሳቸው ልጅ ደጊቱ እንደምትባል ተናገሩ። ሰብሳቢው በዚህ ወረቀት መሠረት እናቲቱ የወለደችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው ሲል ከሰዎቹ አንዱ ሳቀ። ወረቀቱን ለአባቴ ሰጧቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ኮፒው ላይ ያለውን ፎቶ አዩት፤ በጥቁር ሻርፕ ተሸፍኜ የተነሣሁትን።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ይህ ወረቀት ከዚህ በኋላ ወዴት ይሄዳል?»

«ልጄ ናት ካሉ ለሚመለከተው ልከን እናጣራለን።»

«ሐሰት ቢገኝበትስ?»

«ያወጣችው ትጠየቅበታለች፣ የኔታ።»

አባቴ መነጽራቸውን አጥፈው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ። ሰብሳቢው ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀ፤ ይህችን ሴት ያውቋታል?

«አላውቃትም» አሉ።

«እማ፣ እኔኮ ፎቶውን አይቼዋለሁ» አለችኝ ማኅሌት። «አንቺ ነሽ። ልናገር ስል አባባ እጄን ያዙኝ። እስኪያመኝ ነው የያዙኝ።»

ውክልናው የወላጅ እናት ሆኖ ስላልተገኘ ቅሬታው ተቀባይነት አላገኘም ተብሎ ተጻፈ። ቦታውን ለተጠባባቂ ሰጡት፤ ከቁይ የመጣች ልጅ ናት አሉ። አልረግማትም። ለእሷም የምታለቅስ እናት ትኖራለች።

እሑድ ደወልኩ። አባቴ አልሆነም ልጄ አሉኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ስለ ወረቀቱ ልጀምር ስል እዚያ ዝናብ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። እዚህ ጥሎልናል፣ ድንቹ ጥሩ ይዟል አሉ። ስሜን ለምን እንደለወጥኩ፣ ማተቤ የት እንዳለ አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ቢቆጡኝ እንዴት በወደድኩ። እስር ቤት እንዳልገባ ብለው ነው የካዱኝ እላለሁ፤ ቀን ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ይህን አምናለሁ። ግን ያንን ፎቶ እኔም አይቼዋለሁ፤ እውነትም የማያውቋት ሴት ትመስላለች።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ቅኔ ማኅሌት አይገቡም አለችኝ ልጄ። አርባ ዓመት ከበሮውን ከመሐል ሆነው የመሩ ሰው አሁን ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። ተማሪዎቻቸው ምነው የኔታ ሲሏቸው እግሬን አሞኛል ይላሉ። በሐሰት ስለመሰከሩ ራሳቸውን ቀጥተው ነው፤ እግራቸውስ ደህና ነው። የእኔን ወገብ አስታወሰኝና ስልኩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ለመውጣት የምታስቡ እህቶቼ፣ እኔ አትውጡ አልላችሁም፣ ብልም አትሰሙኝም። ስም ግን በፓስፖርት ላይ ብቻ የሚቀር እንዳይመስላችሁ።

ትናንት ማኅሌት ደወለች። እሷ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው፤ ሁልጊዜ ደዋይ እኔ ነኝ። እዚያው ይጁቤ ዘጠነኛ ክፍል ልትመዘገብ ቅጽ ይዛ ከቢሮው በር ላይ ቆማለች። ቅጹን በቀይ እስክሪብቶ መሙላት አይቻልም ብለዋት ሰማያዊ ተውሳለች። ሁሉን ሞልታ አንድ መስመር ቀርቷታል።

«እማ» አለች፣ «የእናት ስም ይላል። የቱን ልጻፍ?»

ማዳሟ ከሳሎን ዘይነብ ብላ ተጣራች። ቶሎ ዞርኩ።