ከክሊኒኩ ግንብ ሥር የቆመው ብስክሌት

ጁባ ውስጥ ብስክሌት መንዳት አያስጨንቅም። ከተማው ሜዳ ነው፤ አቧራውንና ጉድጓዱን ከለመዱት ይኬዳል። የሚያስጨንቀው ማቆሙ ነው።

ብስክሌት የጀመርኩት ወድጄ አልነበረም። ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነው፤ ከደንበኛ ደንበኛ የምዞረው በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ነበር። አንድ የዝናብ ቀን ከሾፌሩ ኋላ እንደተቀመጥኩ ሞተሩ ጭቃ ላይ ተንሸራተተና ጉልበቴ ተሰበረ። ሦስት ወር ጀበል ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ተኛሁ። ከተነሳሁም በኋላ ሞተር ላይ መውጣት አቃተኝ። ሐኪሙ ፔዳል መምታት ለጉልበትህ ጥሩ ነው አለኝ። ግቢያችን ውስጥ ይኖር የነበረ አንድ ያገሬ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ጠቅልሎ ሲመለስ ብስክሌቱን ለኔ ትቶልኝ ሄደ። ከኋላው የብረት ሳጥን አስበየድኩበት። መፍቻዎቼን፣ የጋዝ ሲሊንደሩንና ፓምፑን በዚያ ጭኜ ቀስ እያልኩ መዞር ጀመርኩ።

ችግሩ ያለው መድረሻው ላይ ነበር። ባለመኪና ሆቴል ደጃፍ ሲደርስ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ያስገባዋል። ቦዳቦዳዎች በየማዕዘኑ የራሳቸው ጥላ አላቸው። ለብስክሌት ግን ቦታ ያሰበለት የለም። ከቦዳቦዳዎቹ ጎን ሳቆመው ደንበኛ ይከልልብናል ብለው ገፍተው መንገድ ዳር ያጋድሙታል። ሆቴል ግቢ ልግባ ስል ዘበኛው ሳጥኑን አይቶ ይመልሰኛል። አንዴ ማንጎ ዛፍ ሥር ትቼው ስመለስ ኮርቻው የለም፤ በዚያ ጉልበቴ እስከ ጀበል ቆሜ ነዳሁ። የመሥሪያ ቤት ግንብማ ጭራሽ አይታሰብም። ባለቤቱ አጠገቡ የሌለ ዕቃ ግንብ ተደግፎ ከቆመ፣ ዘበኞች በክፉ ዓይን ነው የሚያዩት። ስለዚህ ፍሪጁን ስፈታ አንድ ጆሮዬ ሁልጊዜ ደጅ ነበር።

ደህና ቦታ ያገኘሁት ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አካባቢ ነው። እዚያ አንዲት አነስተኛ የግል ክሊኒክ አለች፤ የመድኃኒትና የክትባት ፍሪጆቿን የምጠግነው እኔ ነኝ። ከክሊኒኳ ግንብ ሥር፣ የመብራት እንጨት ጥግ፣ አንዲት ሴት ሻይ ትሸጥ ነበር። በዕድሜ ከኔ ብዙም አትርቅም፤ ግን ሰው ሁሉ ማማ ስለሚላት እኔም ማማ እላት ነበር። መንደሯ በጦርነቱ ጊዜ ተቃጥሎ፣ ከልጆቿ ጋር ማንጋቴን በሚባለው የተፈናቃዮች ሰፈር እንደምትኖር የነገረችኝ እሷው ናት። መጀመሪያ ብስክሌቱን ከእንጨቱ ጋር በሰንሰለት ሳስረው አየችኝ። ከዚያ ከፕላስቲክ ወንበሮቿ አንዱን አንስታ ብስክሌቱ አጠገብ አስጠጋችና፣ ሂድ ሥራህን ሥራ፣ ዓይኔ እዚህ ነው አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያን ሰፈር የሥራዬ ማዕከል አደረግሁት። ጠዋት ብስክሌቱን እሷ ጋ አስሬ በእግሬ ገበያው ውስጥ እዞራለሁ። አንድም ቀን አንድም ነገር ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሰው ሳጥኑን ሲነካካ ካየች ማንኪያዋን ብርጭቆው ላይ ታንኳኳለች፤ ያ ይበቃል። ውለታዋን ለመመለስ የከሰል ምድጃዋን እግር በየድኩላት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ነገሩ የሆነው አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ከተማው ከማለዳው ጀምሮ ደስ አይልም ነበር። ከጀበል ስመጣ በየመስቀለኛ መንገዱ ከወትሮው የበዙ ወታደሮች ቆመዋል። ቦዳቦዳዎቹ አንድ ትልቅ ሰው በዚህ ያልፋል ይባባላሉ፤ ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት ፓስፖርቴ እጄ ላይ አልነበረም። የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ አስገብቼው፣ ኪሴ ውስጥ ያለችው አንዲት የደረሰኝ ቁራጭ ናት፤ ማህተሟም በላብ ደብዝዟል። ቤት ብውል ይሻል ነበር። ግን የክሊኒኩ ነርስ ደውላ የክትባቱ ፍሪጅ መሞቅ ጀምሯል፣ ቶሎ ድረስ አለችኝ።

ብስክሌቱን እንደለመድኩት አሰርኩ። ማማ ዛሬ ቶሎ ጨርሰህ ሂድ፣ ቀኑ አላማረኝም አለችኝ። ብልሽቱ ምን እንደሆነ እስካይ ድረስ ብዬ ትንሹን የመፍቻ ቦርሳ ብቻ ይዤ ገባሁ። ሲሊንደሩና ፓምፑ ሳጥኑ ውስጥ ቀሩ። ሳጥኑን በጓጉንቸር ቆለፍኩት፤ የፓምፑ ገመድ ግን በክዳኑ ጥግ ትንሽ ወጥቶ ተንጠልጥሎ ነበር። አይቼዋለሁ። ምን ቸገረኝ ብዬ ተውኩት።

ፍሪጁ ያለው ፎቅ ላይ፣ ወደ መንገዱ በሚያሳይ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ከሙቀቱ የተነሳ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነርሷ ክትባቶቹን በረዶ ወዳለበት ዕቃ እያዛወረች ነው፤ እኔ ተንበርክኬ የፍሪጁን ጀርባ እፈታለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደሠራሁ የመንገዱ ድምፅ መቋረጡን አስተዋልኩ። የሞተር ጩኸት የለም፤ ሻጮቹ አይጣሩም። ከጓሮ ያለው ጄኔሬተር ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ በጁባ ዓረብኛ ጮኸ።

"አጃላ ዴ ታ ሙኑ?"

ይህ ብስክሌት የማን ነው ማለቱ ነው። ጄኔሬተሩ እየጮኸም ቢሆን ቃሉ ጥርት ብሎ ነው የደረሰኝ።

ከተንበረከክሁበት ቀና ብዬ በመስኮቱ ጠርዝ አየሁ። ሕዝቡ ወደ ማዶ ተገፍቶ ቆሟል። መንገዱ ባዶ ነው። ከግንቡ ሥር የኔ ብስክሌት ብቻውን ቀርቷል፤ ዙሪያውን አምስት ወይም ስድስት ወታደሮች ራቅ ራቅ ብለው ቆመው መሣሪያቸውን ወደ ሳጥኑ አዙረዋል። የተንጠለጠለውን ገመድ አንዱ በጣቱ ለሌላው ያሳየዋል። ያኔ ሳጥኑ ከውጭ ሲያዩት ቦምብ እንደሚመስል ገባኝ።

መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ደረሰኟ ትዝ አለችኝ፣ መታሰር ትዝ አለኝ። ማብራሪያዬን ሳልጨርስ ቢተኩሱስ አልኩ። ምናልባት ሰንሰለቱን ቆርጠው ይወስዱታል፣ ይውሰዱት፣ እኔ እዚሁ እቆያለሁ አልኩ በልቤ። ተመልሼ ተንበረከክሁና መፈታት የማያስፈልገውን ብሎን መፍታት ጀመርኩ።

ድምፁ ደግሞ ሲሰማ እንደገና ቀና ብዬ አየሁ። አሁን የሚያናግረው ከምድጃዋ ያልተነሳችውን ማማን ነው። ባለቤቱን ታውቂዋለሽ ወይ ይላታል። አውቀዋለሁ፣ ፍሪጅ ሠሪ ነው፣ አሁን ይመጣል አለች። የት ነው ያለው ሲላት ገበያ ውስጥ ነው ብላ በእጇ ወደ ሩቅ አሳየች። እኔ ከራሷ በላይ እንዳለሁ እያወቀች አንዴም ቀና አላለችም። ወታደሩ እንግዲያው አንቺ ክፈቺው አላት። ቁልፍ የለኝም አለች። ክንዷን ያዘና ወደ ሳጥኑ ገፋት። ማንቆርቆሪያው ተገለበጠ፤ ውሃው ከሰሉ ላይ ሲፈስ ቸስ ሲል እሰማ ነበር።

ነርሷ ሥራዋን አቁማ ታየኛለች። ዝምተኛ ሴት ናት፣ ብዙ አውርተን አናውቅም።

"ያንተ ነው አይደል?" አለችኝ። ብሎኑን ማዞሬን ቀጠልኩ። "እንግዲህ ውረድ።"

ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። አምስት ይሆናል፤ አሥርም ሊሆን ይችላል። ቁልፉን በቀኝ እጄ ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ግራ እጄን ዘርግቼ ደረጃውን ወረድኩ። ከበሩ ስወጣ መሣሪያዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። የኔ ነው፣ የኔ ነው እያልኩ ቆምኩ፤ ዓረብኛውም አማርኛውም ተቀላቅሎብኛል።

አለቃቸው ወጣት መኮንን ነበር። አንደበቴን ሲሰማ ፊቱ ትንሽ ተለወጠ።

"ኢትዮጵያዊ ነህ?" አለኝ በጠራ አማርኛ።

ጋምቤላ እንዳደገ፣ አዲስ አበባም እንደተማረ በኋላ፣ ሲለቀኝ ነው የነገረኝ። በዚያ ሰዓት አማርኛውን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ይባስ ፈራሁ። በዓረብኛ ቢሆን ኖሮ ያልገባኝ መምሰል እችል ነበር።

"ሳጥኑ ውስጥ ምንድነው ያለው?"

የፍሪጅ ጋዝ፣ መፍቻና ፓምፕ ነው አልኩት።

"ክፈተው። ቀስ ብለህ።"

ጓጉንቸሩን ለመክፈት ሁለቴ ቁልፉ ከእጄ ወደቀ። ማማን ለቀዋት ነበር፤ ግንቡን ተደግፋ ክንዷን ታሻለች። ክዳኑን ሳነሳ ሲሊንደሩን ያየው ወታደር ወደ ኋላ ዘሎ መሣሪያውን አነጣጠረ። መኮንኑ እጁን አንስቶ ወታደሩን ገታውና እኔን ጋዙን ልቀቀው አለኝ። ቧንቧውን ከፈትኩት። ሲ ብሎ ወጣ፤ ጣቶቼ በብርዱ ደነዘዙ። ዝጋ ሲለኝ ዘጋሁት።

ከዚያ ወረቀት ጠየቀኝ። ደረሰኟን አገላብጦ አየና መልሶ ሰጠኝ።

"ስንጣራ የት ነበርክ?" አለኝ።

"ውስጥ ነበርኩ ጌታዬ፣ ሥራ ላይ። አልሰማሁም። ጄኔሬተሩ ይጮሃል። እንደሰማሁ ወጣሁ።"

በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ፊት ቆሜ ነው የዋሸሁት። ማማ አማርኛ አትሰማም፤ ያ አጽናንቶኝ ነበር። መኮንኑ ግን ወደ እሷ ዞሮ ያልኩትን በዓረብኛ ነገራት። እውነት ነው ወይ አላት።

ማማ አየችኝ። ቀጥሎ ቀና ብላ የተከፈተውን መስኮት አየች።

"ጄኔሬተሩ ይጮሃል" አለች።

መኮንኑ ለቀቀኝ። ከዛሬ ጀምሮ ግን በዚህ በኩል ብስክሌትም፣ ወንበርም፣ ሻይም እንዳላይ አለ። ትዕዛዙን መጀመሪያ በአማርኛ ለኔ፣ ቀጥሎ በዓረብኛ ለእሷ ተናገረ። ማማ ብርጭቆዎቿን ከመሬት ለቀመች፤ ሁለቱ ተሰብረው ነበር። ወንበሮቹን ልሸከምላት ብዬ እጄን ስዘረጋ ቀድማ አነሳቻቸው። እርጥቡን ከሰል እዚያው ጥላ ወደ ገበያው ገባች። ጥቂት ቆይቶ ጥቁር መስታወት ያላቸው መኪኖች አቧራ እያስነሱ አለፉ፤ ማን እንዳለባቸው አላየሁም።

ተመልሼ ፍሪጁን ጨረስኩ። የጋዝ ቧንቧው ተሰንጥቆ ነበር፤ በየድኩት፣ በተረፈው ጋዝ ሞላሁት፣ ክትባቶቹም ተረፉ። ነርሷ አመሰገነችኝ። ብስክሌቱን ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሊኒኩ ኮሪደር ውስጥ እንዳስገባ ፈቀደችልኝ። ለሌሎቹ ደንበኞቼ ስሄድ ግን ያው ድሮ ወደነበርኩበት መባረር ተመለስኩ።

ማማን ለማግኘት አንድ ወር ተኩል ፈጀብኝ። ኮንዮ ኮንዮ ውስጥ ሻይ የሚሸጡትን ሴቶች እየዞርኩ ጠየቅሁ። አንዷ ወደዚህ አካባቢ መምጣት ትታለች፣ ሰፈሯ ነው የምትሸጠው አለችኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት ብስክሌቴን ይዤ ማንጋቴን ሄድኩ። መንገድ ዳር፣ በላስቲክ ጥላ ሥር አገኘኋት። ምድጃዋ ያው እኔ የበየድኩት ነው። እንግዳ እንደሆንኩ ሁሉ ሰላም አለችኝ።

ያሰብኩትን ንግግር ሁሉ ረሳሁት። ማማ፣ ያን ቀን ሰምቻለሁ፣ ሲገፉሽም አይቻለሁ አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ጭንቅላትህ ይታይ ነበር።"

ታዲያ ለምን ከዋሸሁት ጋር ተስማማሽ ብዬ ጠየቅኋት። ለአንድ ደንበኛ የቀዳችውን ሻይ ስኳር አማሰለች። እውነቱን ብናገር አንተን ይወስዱህ ነበር፣ ለኔ ግን ማንቆርቆሪያዬን አይመልሱልኝም አለች። ክፋትም ቁጣም አልነበረባትም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥላዋ ጎን አንድ ግንድ ነበር። ሳላስበው ሰንሰለቱን ከመሪው ላይ መፍታት ጀመርኩ።

"ሻይ እሸጥልሃለሁ" አለችኝ፣ "ብስክሌትህን ግን እኔ ጋ አታስር።"

እሺ አልኳት። ሰንሰለቱን መልሼ ጠቀለልኩ። ሻዬን በአንድ እጄ፣ ብስክሌቱን በሌላው ይዤ ቆሜ ጠጣሁ። ብርጭቆውን ስመልስላት ተቀበለችኝና ለቀጣዩ ደንበኛ አጠበችው።