ያልረጋው ደም

በላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ የተመደብሁት በደርግ ዘመን ነው። የመጀመሪያ ቀን ኃላፊያችን ጋሽ ይመር ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ «መብራት አትጠብቅ፤ ፀሐይዋን በመስታወቱ ያዛት» አሉኝ። ሽንት፣ ዓይነ ምድር፣ ከአባይ በረሃ የሚመጣ ወባ፤ ሥራዬ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ዘነበች የምትባል ሴት በአራስ ወገቧ በበቅሎ መጣች። ባሏ መሪጌታ አስናቀ ሕፃኑን ታቅፈዋል።

«ሁለት ወንዶች ተገርዘው ደማቸው አልቆም ብሎ ሞቱብኝ፤ ሰው እርግማን ነው ይላል» አለች። «ይሄኛው ነገ ይገረዛል።»

«የገራዡ እጅ ነው፤ አሁን ሌላ ጠርቻለሁ» አሉ መሪጌታ።

«እህቴ፣ በእናትሽ ወገንስ እንዲህ የሆነ ወንድ አለ?» አልኋት።

«ወንድሜ። ጥርሱን ተነቅሎ በዚያው ቀረ።»

የሕፃኑን ተረከዝ ወጋሁና ደሙን በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ሳብሁ። የራሴን ጣት ወግቼም ሌላ ቱቦ ሞላሁ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቱቦው ከጫፉ ቆረስ ሲደረግ የረጋ ደም በስብራቱ መካከል ክር ይስባል። የእኔው ሳበ። የልጁ እንደ ውኃ ነው። ተረከዙን በጥጥ ብጫነው ደሙ አልቆም አለኝ። ጋሽ ይመር ደርሰው አጥብቀው ይዘው አቆሙት።

«ደም የሚያረጋው ነገር ከተፈጥሮው ጎድሎታል» አሉ። «በዘር የሚመጣ ነው። እናት ሳትታመም ታስተላልፋለች፤ ሕመሙ በወንዱ ላይ ይወጣል። ከተገረዘ ይሞታል።»

የመሪጌታ ፊት ጠቆረ። «ጥፋቱ ከሷ ነው በሉኛ!»

«የማንም ጥፋት አይደለም፣ መሪጌታ። መርጣ አልሰጠችውም» አሉ ጋሽ ይመር።

መሪጌታ ልጁን እያዩ ብዙ አሰቡ። «የሚያድነን ጥምቀት ነው፤ ግርዛት የአባቶች ልማድ ነው» አሉ በመጨረሻ። ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ «አብሽሪ፣ ምላጭ አይነካውም» አሏት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች።

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ወሬው ደጎሎ ከተማ ደርሶ የዘነበች እህትም አራስ ወንድ ልጇን ይዛ መጣች። የዚያኛው ደም ክር ሲስብ ጋሽ ይመርና እኔ ተቃቀፍን።

ኋላ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጣ ሐኪም ይህን ሕመም የሚያመጣውን ዘረ መል ተመራማሪዎች ለይተው እንዳገኙት ነገረን። ወሬውን ለዘነበች ያደረስሁት እኔ ነኝ።

«እርግማን አለመሆኑ በዓለም ታወቀ በለኛ!» አለችና ጤና ጣቢያው ግቢ መካከል ቆማ እልልታዋን አቀለጠችው። ወረፋ የያዙት ሴቶችም ነገሩን ሳያውቁ ተቀበሏት።

ለእናንተ ለአዲሶቹ የላቦራቶሪ ሠራተኞች የምለው ይህን ነው፤ መርፌ ከማንሣታችሁ በፊት ስለ ቤተ ዘመዱ ጠይቁ።