ከማቀዝቀዣ የወጣው የፈረስ እግር

ሰሞኑን እዚህ በሰው አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ በምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ለልምምድ የመጣች ተማሪ የውሻ እግር እየዳበሰች፣ ጅማትን በእጅ እንዴት እንደምለይ ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ጣቶቼ ግን ሌላ እግር አስታወሱ።

ያኔ ስካይላይን የሚባለው ሰፈር እንኖር ነበር። የእንስሳት ሕክምና ረዳትነት ስማር የእርግዝናዬን አምስተኛ ወር ጀምሬ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጽንስ ወርዶብኝ ነበር። ስለዚህ ከባለቤቴና ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። እትዬ አስካለ፣ እርጉዝ በድን አትነካም ብለው ተቆጡኝ። ትምህርቱን እንደማልተው ሲያዩ የምስር ሳምቡሳ በፎይል ጠቅልለው ሰጡኝና፣

"እንግዲያው ብረት ከእጅሽ አይለይ" አሉኝ።

የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ከመስኮቱ ውጭ ቅጠል ይረግፋል። አስተማሪያችን ከማቀዝቀዣ የወጣ የፈረስ የፊት እግር ጠረጴዛው ላይ አጋደመች። ቆዳው ተገፏል፤ ጅማቶቹ እንደ እርጥብ ጠፍር ነጭ ናቸው። ፈረስ ቆሞ የሚተኛው እነዚህ ስለሚደግፉት ነው አለችን። እኔ ቢላዋዬን ጨብጬ ቆሜአለሁ፤ ብረት ነውና። አየችኝና ቢላዋውን አስቀምጬ ጅማቱን በጣቴ እንድፈልግ ነገረችኝ። አመነታሁ። ታክሲ ይነዳ የነበረው የክፍል ጓደኛዬ ማስረሻ እየሳቀ በሹክሹክታ፣

"ምነው እህቴ፣ ይነሳብኛል ብለሽ ነው?" አለኝ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩት። በልቤ በስመ አብ ብዬ ጅማቱን በሁለት ጣቴ ያዝኩ። ሰኮናው ታጠፈ፤ ቀስ ብሎ፣ የሚሰግድ ሰው እንደሚታጠፍ። በዚያው ቅጽበት ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ገፋ አደረገኝ።

ማስረሻ ሳቁን ተወ። አስተማሪዋ ጎበዝ፣ በደንብ ሳብሽው አለችኝ።

ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ደም ነበር የጠበቅሁት። ደም የለም። በሩን ዘግቼ፣ ሆዴን ይዤ ቆምኩ። እንደገና ገፋኝ። የፊተኞቹ ሁለቱ እዚህ ሳይደርሱ ነበር የሄዱት። እመቤቴን እየጠራሁ አለቀስኩ።

ልጄ አሁን ሃይስኩል ናት። ትናንት ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ መኪና ውስጥ ይህን አጫወትኳት። ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ማዳመጫ አወጣች።

"ዌይት ማሚ፤ ማን ቀድሞ ተንቀሳቀሰ? እኔ ነኝ ወይስ ሆርሱ?"

"አንቺ ነሽ" አልኳት።

ጅማቱን መያዜን እንጂ መሳቤን እንደማላስታውስ አልነገርኳትም። አምላኬ የለመንኩትን ሰጥቶኛል፤ የቀረውን አልጠይቀውም።