የአክስቴ ድስት

ባለቤቴ ከተማን የሚያውቀው በምግቡ ነው። ሐይቅ ሲባል ዓሣው፣ ባቲ ሲባል ፍየሉ፣ ሐርቡ ሲባል ማንጎው ነው የሚታየው። መንገድ የጠየቀው ሰው ካለ እንኳ "ያ ጥሩ ዱለት ያለበት ቤት ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ" ብሎ ነው የሚጀምርለት። ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጥገና ሥራ ሲያገኝ እኔ እናቴ ጋ ልመለስ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ እሱ ደግሞ ገና ያልቀመስኩት አገር አለ ብሎ ደስ አለው። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚገኘው የእናቴ ቤት ገባን። እሱ ወደ ኮምቦልቻ እየወረደ ይሠራል፣ ወደ ደሴ እየወጣ ይበላል።

ወጥም ይሠራል። ይህን ለጎረቤቱ ሁሉ በኩራት ነበር የማወራው። "የኔ ባል እኮ ሽንኩርት ሲያቁላላ እንባ አይወጣውም" እላለሁ። ጎረቤቶቼ እያዩኝ ይሳሳቃሉ፣ እኔ ግድ የለኝም። ኩራቴ እስከዚያ የጥቅምት እሑድ ድረስ ዘለቀ።

የዚያን ቀን እናቴና እኔ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለቅሶ ቤት ደርሰን ስንመለስ የወጥ ሽታ ከበር ተቀበለን። ባለቤቴ የእናቴን ሽርጥ አገልድሞ ምድጃው አጠገብ ቆሟል። ሐይቅ መንገድ ላይ በሸክላ ድስት የተሠራ የበግ ወጥ በልቶ ከመጣ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ እኛ በሌለንበት ሊያስደንቀን ኖሯል። ክዳኑን አነሳና "እማማ፣ ይቅመሱልኝ" አለ።

እናቴ ወጡን አላየችውም። ድስቱን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ባዶ ምስማር አየች፤ ከዚያም ነጠላዋን ሳታወልቅ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

"የአክስትሽ ድስት ነው" አለችኝ፣ እኔ የማላውቅ ይመስል።

የእናቴ ታናሽ እህት የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። በወጣትነቷ ከሐርቡ ሎሚ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ወደደች፤ ሰለመችና አገባችው። ወሎ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም፤ በአንድ ቤት ቄሱም ሼሁም የሚወለድበት አገር ነው። አያቴን ያስቆጣት የሃይማኖቱ ነገር ሳይሆን ሳይነገራት መቅረቱ ነበር። "ከሰው አፍ እሰማለሁ?" ብላ አኮረፈች፣ ሠርጉም ላይ አልተገኘችም፣ ብዙ ጊዜም ሳይነጋገሩ ቆዩ። አክስቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ግን አያቴ ገበያ ወጣችና አንድ መካከለኛ የሸክላ ድስት ገዝታ መጣች። አሟሸችው፤ ከሌሎቹ ዕቃዎች ነጠል አድርጋ ግድግዳው ላይ ምስማር መታችለት። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሰው "ድስትሽ ተሰቅሏል በሏት" ብላ ላከች። እርቁ ይኸው ነበር፣ ሌላ ቃል አልተጨመረበትም። አክስቴም ሕፃኑን አዝላ መጣች።

ድስቱ ለምን ለብቻው እንደተሰቀለ ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም። ሠርግ የሚደግስ ሰው ሁለት ቦታ ያሳርዳል፣ ሁለት ቦታ ያስወጠውጣል፣ እንግዳውም ወደየማዕዱ ይቀመጣል፤ በዚህ የሚቀየም የለም። ሥጋ ያልነካው ምግብ ግን የሁሉም ነው። ስለዚህ ሁለቱ እህቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥጋ የሌለበትን ምግብ ሲያሳምሩ ኖረዋል።

እናቴ ለእህቷ የምትሠራውን ሽሮ ለእኛ ሠርታልን አታውቅም። ቅቤው ከኮረሪማው ጋር የነጠረ ነው፤ ሽሮው ከነድስቱ እየተንተከተከ ይቀርባል። ከጎኑ ጎመን በአይብ፣ ድፍን ምስር፣ ወቅቱ ሲሆን ደግሞ ከኩታበር የመጣ የባቄላ እሸት ይደረደራል። ልጅ ሳለሁ የምናፍቀው አክስቴን ይሁን ሽሮውን ለይቼ አላውቀውም። ኮምቦልቻም አክስቴ ቤት የእናቴ ድስት ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እዚያ ስንወርድ ገንፎ መሐሉ ላይ የቅቤ ኩሬ ተሠርቶለት ይጠብቀናል፤ ከዚያ በዚያ ሙቀት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ማንጎ እየላጥን እስከ ክርናችን እንጨማለቃለን። የአክስቴ አማቶች "ክርስቲያን ቤት ሄደሽ በምን ትበያለሽ?" ሲሏት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "የራሴ ድስት አለኝ።"

ይኸው እንግዲህ የራሷ ድስት ውስጥ የበግ ሥጋ ይንተከተካል። አክስቴ ደግሞ የባቄላ እሸት ደርሷል ተብላ ማክሰኞ ልትመጣ ቀጠሮ ይዛለች። እሷ መምጣት ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ያጥወለውላታል። ሎሚ እያሸተተች፣ ዓይኗን ጨፍና ዱዓ እያደረገች ነው የምትወጣው። ስለዚህ በዓመት አንዴ ብትመጣ ነው፤ ስትመጣም ለዚያ ድስት ነው።

ባለቤቴ ጭልፋውን እንደያዘ ቀረ። ነገሩን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

"በፈላ ውሃና በአመድ ቢታጠብስ?" አለ።

"ብረት ቢሆን ይታጠብ ነበር" አለችው እናቴ። "ሸክላ ግን ይጠጣል፣ ልጄ።"

ከመቆጣቷ ይልቅ ልጄ ማለቷ ባሰበት። "ተሰቅሎ ሳየው በቤቱ ካለው ሁሉ ጥሩው ድስት መሰለኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"ጥሩ ስለሆነማ ነው የተሰቀለው" አልኩት።

እኔ ስናደድ ዕቃ አጥባለሁ። ያን ቀን ንጹሑንም ሁሉ አጠብኩት። ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ ወጡ ግሩም ሆኖ መገኘቱ ነው። ያን ያህል ዘመን ቅቤና ሽሮ ሲጠጣ የኖረ ድስት ምን ያድርግ? እያኮረፍኩ ሁለቴ ጨምሬ በላሁ።

እናቴ ግን አልበላችም። "ድስትስ ይገዛል" አለችኝ ማምሻውን። "እማ የሰቀለችልኝን አወረዱት ብትልስ? ከዚህ በኋላ አልመጣም ብትልስ? ምን እላታለሁ?" እናቴ ሌላ እህት የላትም። ወንድሞቿም አልፈዋል። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ሰው በዚህ ዓለም የቀረችው አክስቴ ብቻ ናት። እኔም ይህን ሳስብ ንዴቱ ለቀቀኝና ፍርሃት ፍርሃት አለኝ።

ሰኞ ገበያ ወጣን። እናቴ ሸክላ ተራ ውስጥ ድስቱን ሁሉ በጣቷ እያንኳኳች ድምፁን ታዳምጣለች፤ የተሰነጠቀ ድስት ድምፁ ድፍን ነው። ሻጯ ሴትዮ ተሰላችታ "እማማ፣ ልጅ ነው እንዴ የሚድሩት?" እስክትላት ድረስ መረጠች። ቤት ገብታ ጎመን ዘር ወቅጣ ውስጡን ቀባችው፤ እሳት ላይ ጣደችው፣ አወረደችው፣ ደግማ ቀባችው። ሸክላ ግን በጥድፊያ አይሟሽም። ምንም ቢለፋበት የመጀመሪያዎቹ ወጦች አፈር አፈር ማለታቸው አይቀርም። እናቴ ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፣ እጇ ግን ሊያርፍላት አልቻለም።

ባለቤቴ በዚያ ሳምንት ፈረቃው የሌሊት ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ከሥራ ሲወጣ አክስቴን ይዟት እንዲመጣ ተነጋግረናል። "አደራህን፣ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ራሴ ነኝ የምነግራት" ብላ እናቴ አስጠንቅቃዋለች።

መጡ። አክስቴ ሎሚዋን እንደጨበጠች ክንዱን ተደግፋ ገባች። እሱ የማንጎ ዘንቢል ተሸክሟል፣ ዓይኔን ግን አያይም። እህትማማቾቹ ተሳሳሙ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ፣ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ልጆች ተጠያየቁ። ከዚያ እናቴ ማስታጠቢያውን ከእጄ ወሰደችው። ታላቅ ናትና ደንቡ እኔ እንዳስታጥብ ነበር። አክስቴም "ኧረ በአላህ እትዬ፣ ነውር ነው" አለቻት። እናቴ ግን አልሰማቻትም፤ ጎንበስ ብላ ውሃውን ማፍሰስ ጀመረች።

እያፈሰሰች ነገረቻት። "እህቴ፣ ድስትሽን አበላሸንብሽ። የበግ ሥጋ ተሠራበት፤ ሳያውቅ ነው፣ ልጁን አትቀየሚው። አዲስ ገዝቼልሻለሁ፤ ግን እማ የሰቀለችልሽ አይደለም። አልበላም ብትዪኝም አልቀየምሽም፤ ብቻ መምጣትሽን እንዳትተዪ።" ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ ማፍሰሷን ቀጠለች። የአክስቴ እጅ ከጸዳ ቆይቷል፤ ውሃው እስኪያልቅ ግን ዘርግታ ጠበቀቻት።

ከዚያ እጇን አራገፈችና "አውቄያለሁ እትዬ። ሐረጎን ሳንጨርስ ነግሮኛል" አለች።

ሁላችንም ወደ ባለቤቴ ዞርን።

"ሎሚያቸውን እያሸተቱ ሲሠቃዩ አየሁ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ለዚያ ድስት ብለው ነው እንዲህ የሚሆኑት ብዬ ሆዴ አልችል አለኝ።"

"ማልቀስ ነው የቀረው" አለች አክስቴ። "አብሽር ልጄ፣ ኸይር ነው እለዋለሁ፣ ወላሂ አይሰማም። ተሳፋሪው ሁሉ ሰው የሞተብን መስሎት ሲያጽናናን መጣ።"

"ታዲያ ስትሰሚው ልመለስ አላልሽም?" አለቻት እናቴ። ልትቀልድ ፈልጋ ነበር፣ ቀልድ ግን አልሆነላትም።

"ምኑን ልመለስ? ቁልቁለቱስ ያው ሐረጎ አይደል?" አክስቴ ይህን ብላ ቀና አለችና ግድግዳውን አየች። "እማ የመታችው ምስማር አለ?"

"አለ" አለች እናቴ።

"በይ አቅርቢው እንግዲህ፣ ራበኝ።"

ሽሮው በአዲሱ ድስት እየተንተከተከ ቀረበ። አክስቴ ቢስሚላህ ብላ ቆረሰች፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለባለቤቴ ዘረጋችለት። ጎረሰ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛውን ደገመችው። ሁለተኛውን ሲያላምጥ ፊቱ ሊጨማደድ ሲል በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። አክስቴ ራሷ ጎርሳ ቀስ ብላ አላመጠች።

"አፈር አፈር ይላል" አለች።

እናቴ አቀረቀረች።

"ምን ያስደነግጥሻል? ድስት እኮ በአንድ ቀን አይሟሽም። አንቺ እየሠራሽበት፣ እኔ እየበላሁበት ነው የሚሟሸው። እንግዲህ ልመላለስ ነው።"

"በዚያ ሐረጎ?"

"ሎሚ እንደሆነ ሐርቡ ሞልቷል" አለች አክስቴና እንጀራውን ወደ እህቷ ጠጋ አደረገችላት። እናቴ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ እያለቀሰች በላች። እኔም ሽሮው አፈር አፈር እያለኝ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ የበላሁት ምግብ የለም።

አሮጌውን ድስት አክስቴ ለባለቤቴ ሰጠችው። ሌላ ምስማር ተመታለት፤ እሑድ እሑድ ወጡን የሚሠራው በእሱ ነው። አዲሱ በአያቴ ምስማር ላይ ተሰቀለ። አክስቴም ቃሏን ጠበቀች፤ በዓመት አንዴ የምትመጣው ሰው በየሁለት ሳምንቱ መምጣት ጀመረች። ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው በመጡ ጊዜ ሽሮው በዘይት ሆነ፤ አንድ ቀን እኛ ጋ አመሸችና አዛን ሲል በቴምር ጀምራ በሽሮው አፈጠረች። በበላች ቁጥር እናቴ በጉጉት ትጠይቃታለች፤ አክስቴም እያጣጣመች "ገና ነው፣ አፈር አፈር ይላል" ትላለች።

ባለፈው ማክሰኞም መጣች። በልተን ስናበቃ ከድስቱ ጥግ የቀረውን በእንጀራ ጠርጌ ጎረስኩ። አፈር የሚባል ነገር የለበትም። ቅቤው፣ ኮረሪማው፣ ያ በልጅነቴ የምናፍቀው ሽሮ ነበር። ቀና ስል እናቴም እንደኔው ከዳር ጠርጋ እያላመጠች ነው።

"አሁንም ትንሽ አፈር አፈር ይላል፣ አይደል እትዬ?" አለች አክስቴ ሎሚዋን ከመቀነቷ እየፈታች።

"አዎ፣ ገና ነው" አለች እናቴ። "ብዙ ይቀረዋል።"

ባለቤቴ ተራ በተራ አያቸው። ሐቁን ሊናገር አፉን ሲከፍት ትልቅ አድርጌ አጎረስኩት።