ከሰባቱ ባልዲ የእኔ አንዱ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ባልዲ ስትበሳ በመሰርሰሪያው ጩኸት ነቃሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ከትምህርቷ ጎን ጠጅ እየጣለች ለሠርግ ታቀርባለች። ባልዲው ከግርጌው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይበሳና ቧንቧ ይገባበታል። አምቡላው ከታች ተኝቶ ይቀራል፤ ጠጁ ጠርቶ ይወርዳል። የኤሌክትሪኩ መሰርሰሪያ ግን ጠርዙን ቦጫጭቆት ነበር። ቀማኋት። የጠርሙስ ስባሪ ፈልጌ ጠርዙን ፋቅ ፋቅ አድርጌ አለሰለስኩላት።

«እማዬ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?» አለች።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ለዚህ ጥያቄ «ራሴ» እያልኩ ኖሬአለሁ።

አዲሱ መንግሥት በገባ ሰሞን የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበርኩ። ባሌ ጥሎኝ ሄዶ፣ ትንሿን ልጄን ይዤ እዚሁ ቦንጋ እትዬ ዘነበች ጠጅ ቤት እሠራ ነበር። እኔና ልጄ የምንተኛው ጓዳቸው ውስጥ ነው። እትዬ ዘነበች ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ልጄን ከልጆቻቸው ጋር ያበሉልኝ ነበር። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ እንጂ ላመካኝላቸው አይደለም።

ያ ዓመት ማር የበዛበት ነበር። ከማንኪራ ገጠር የሚመጡት ሰዎች ግንቦት ባጨቀየው መንገድ እየተንሸራተቱ፣ ንቡ ገና ከላዩ ያልለቀቀውን ማር ተሸክመው ይገቡ ነበር። ጋኖቹ አልበቃ ሲሉ እትዬ ዘነበች ሰባት የላስቲክ ባልዲ ገዙ። የመጀመሪያውን እኔ በጋለ ብረት በሳሁት። ላስቲኩ ቀለጠ፣ ጠርዙ ተጠቀለለ፣ ቧንቧውን ሳስገባ ደግሞ ተሰነጠቀ። ሽታው ሳምንት አልለቀቀንም።

ከሰል የምታመጣልን አለሚቱ ከደጅ ቆማ ታየኝ ነበር። ዕድሜያችን እኩል ነው። እሷ ከጫካ ሰዎች ወገን ናት፤ ያኔ የወገኗ ስም ራሱ ስድብ ስለነበር እዚህ አልጽፈውም። የእነሱ ሰው እኛ ቤት አይገባም። ውሃ ሲጠማው ከላይ ወደ መዳፉ ወይም በኮባ ቅጠል ይፈስለታል። የነካው ዕቃ ተመልሶ ቤት አይገባም። በየስብሰባው ሁሉም ሕዝብ እኩል ነው እየተባለ ይጨበጨባል፤ ከስብሰባ የተመለሰው ሰው ግን ብርሌው በማን እጅ እንደታጠበ ይጠይቃል።

«እሳት ያቀልጠዋል እንጂ አይበሳውም» አለችኝ።

በማግስቱ ጫፉ በሞረድ ጥርስ የወጣለት አጭር የብረት ቱቦ ይዛ መጣች። አባቷ የቀፎ ክዳን ላይ የንብ መግቢያ የሚያወጡበት ነው። ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ተቀመጠች። ባልዲውን ከውስጥ በእንጨት ደገፈችና ቱቦውን ሳትጫን በቀስታ አዞረችው። ክብ የላስቲክ ቁራጭ ጠብ አለ። ጠርዙን በጠርሙስ ስባሪ ፋቀችው። ጣቴን ባዞርበት አንዳች አልቧጨረኝም።

እትዬ ዘነበች «ምን ልስጥሽ?» አሏት።

«ምንም። ጠጁ ሲደርስ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ብርሌ ልጠጣ።»

የቀሩትን ባልዲዎች አየት አድርገው «እሺ» አሉ። ስድስቱንም በሳችልን።

ጠጁ የደረሰ ቅዳሜ ቤቱ ሞላ። ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ከሌላ አገር ተመድበው ከመጡ ዓመት ባይሞላቸውም የእኛን ልማድ ከእኛ በላይ አጥብቀው ይዘውታል። ቧንቧውን ጎንበስ ብለው አዩና «ጠብታ እንኳ አያፈስም። የማን እጅ ነው?» አሉ።

አለሚቱ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ቀሚሷን አጥባለች፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታለች። እትዬ ዘነበች እኔን አዩ። ከዚያ ጓዳው በር ላይ የተቀመጠችውን ልጄን አዩ።

«የወርቄ ነው» አሉ።

«እውነት ነው ወርቄ?» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

ከጓዳው ብንወጣ ልጄን ይዤ የት እገባለሁ? «እኔ ነኝ» አልኩ።

አጨበጨቡልኝ። ወንበር ተለቀቀልኝ፣ ብርሌ ተቀዳልኝ።

«እትዬ፣ የእኔስ?» አለች አለሚቱ።

«ዛሬ ደግሞ ከሰልም ጠጅ ያምረው ጀመር?» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ቤቱ ሣቀ።

የእትዬ ዘነበች ፊት ተለዋወጠ። ጓዳ ገብተው ያን እኔ ያቃጠልኩትን ባልዲ አወጡ። ደጅ አስቀመጡትና ሁለት ብርሌ ጠጅ ገለበጡበት። ጠጁ በስንጥቁ ወደ ጭቃው ይወርድ ጀመር።

«ቶሎ በያ፣ ሳያልቅብሽ» አለ አንዱ።

ሣቁ ባሰ። እኔም ሣቅሁ። ለማንም ያልተናገርኩት ይህንን ነው።

አለሚቱ አላጎነበሰችም። ጠጁ እስኪያልቅ ቆማ አየች። ከዚያ ስንጥቁን በእግሯ ጣት ነካ አድርጋ ወደ እኔ ቀና አለች።

«ይሄኛው ያንቺ ነው ወርቄ። ይሄንን እውነትም አንቺ ነሽ የበሳሽው።»

ቱቦውን ከጓሮ ሳትወስድ ሄደች፤ ከሰልም ዳግመኛ አላመጣችልንም። በዚያ ቱቦ ለከተማው ጠጅ ቤቶች ባልዲ እየበሳሁ ልጄን አሳደግሁ። ዕድር ላይ ጠብ ሲነሣ ወርቅነሽ ትፍረድ፣ እሷ አታዳላም ይላሉ። ያዳላሁበትን ቀን አያውቁማ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ለልጅ ልጄ የአለሚቱን ስምም ወገንም ነገርኳት። ስለ ሰዎች እኩልነት ተፈትና ጥሩ ማርክ ያመጣች ልጅ ናት። ባልዲውን አገላብጣ አየችው።

«እማዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለሠርገኞቹ እንዳትነግሪ። የእነሱ እጅ አለበት ብለው ጠጁን ይመልሱብኛል።»

ሠርጉ የፊታችን እሑድ ነው። እኔም ተጠርቻለሁ። የማን እጅ ነው፣ ማን አስተማረሽ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ስሟን እጠራለሁ ብዬ ምያለሁ። ግን በማልኩ ቁጥር ያ የጓዳ በር ይታየኛል፤ በሩ ላይ የተቀመጠችው አሁን የልጅ ልጄ ናት።